የትኛው ውጤት ይላክ፣ የትኛው ይቅር

ባለፈው ኦክቶበር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቴ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ከፊቴ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ስድስት ውጤት አለኝ፤ ስንቱን ልላክ?» አለችኝ። የከፈተችው ከኮሌጅ ማመልከቻዋ ጋር የሚላኩትን የኤፒ ፈተናዎቿን ዝርዝር ነበር። ኤፒ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው፤ የፈተናው ውጤትም ከ1 እስከ 5 ነው። የእሷ ባዮሎጂ 5፣ ካልኩለስ ቢሲ 5፣ ኬሚስትሪ 4፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ 3፣ የዓለም ታሪክ 2። ስድስተኛ ብላ የቆጠረችው ከካልኩለስ ቢሲ ጋር ተያይዞ የተጻፈውን የኤቢ፣ ማለትም ይዘቱ ከቢሲ ጠበብ የሚለውን የካልኩለስ ደረጃ፣ ንዑስ ውጤት ነው። እሱ ራሱን የቻለ ፈተና እንዳልሆነ፣ ከዚያው ከቢሲ ፈተና ውስጥ የኤቢን ይዘት የሚሸፍነውን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ቁጥር እንደሆነ አስረዳኋትና አምስት ላይ ተስማማን። ጥያቄዋ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አልነበረም። ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ እኔም ይኸው ጥያቄ ገጥሞኝ የሚያማክረኝ ሰው አጥቼ ብቻዬን ወስኛለሁ፤ የወሰንኩትም ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜም በስሕተት ነበር።

በእኔ ጊዜ የነበሩት የኤስኤቲ የትምህርት ዓይነት ፈተናዎች ናቸው፤ ኤስኤቲ ከሚባለው ከዋናው አጠቃላይ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የተለዩ ነበሩ። ቀድሞ «አቺቭመንት ቴስት»፣ ከዚያም «ኤስኤቲ ሁለት» ሲባሉ የኖሩት እነዚህ ፈተናዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት የሚወስዱ፣ ውጤታቸውም ከ200 እስከ 800 የሚደርስ ሲሆን፣ አንድ ተማሪ በአንድ ቀን እስከ ሦስት ድረስ መፈተን ይችል ነበር። በጠቅላላው ሃያ ነበሩ፤ ሒሳብ በሁለት ደረጃ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ የዓለም ታሪክ፣ የቀሩት ደግሞ የቋንቋ ፈተናዎች። የቋንቋዎቹን ዝርዝር ሳነብ ዕብራይስጥም፣ ላቲንም፣ ኮሪያኛም ተጽፈው አማርኛን በማጣቴ ቅር እንዳለኝ አስታውሳለሁ፤ አማርኛ ቢኖር ኖሮ ያለ ጥርጥር የምተማመንበት አንድ ፈተና ይኖረኝ ነበር። እነዚህንም ኤፒንም የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 እነዚህን ፈተናዎች በአሜሪካ ወዲያውኑ ማቆሙን አስታወቀ፤ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተማሪዎች ብቻ በዚያው ዓመት ሜይና ጁን ላይ የመጨረሻ ዕድል ሰጣቸው። ፈተናዎቹ ከቀሩ በኋላ ግን ጥያቄው ወደ ኤፒ ተሸጋገረ እንጂ አብሯቸው አልቀረም።

እኔ ባመለከትኩበት በ2012 መኸር ኮሌጆቹ የሚጠይቁት ቁጥር አንድ ዓይነት አልነበረም። ኤምአይቲ አንድ ሒሳብና አንድ ሳይንስ ይፈልጋል፤ ዬል ዋናውን ኤስኤቲ የሚልክ አመልካች ሁለት የትምህርት ዓይነት ፈተና እንዲጨምር ያዝዛል፤ ጆርጅታውን ደግሞ ሦስት ውጤት እንዲቀርብ በጥብቅ ይመክር ነበር። በአንጻሩ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከዚያው ከ2012 መኸር ገቢዎች ጀምሮ ሁለት የትምህርት ዓይነት ፈተና የማቅረብ ግዴታውን አንሥቶ ነበር። ስለዚህ «ስንት ልላክ» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው በየኮሌጁ ደንብ ውስጥ ነው። አመልካቹ የራሱን አስተያየት ማሰብ የሚጀምረው ደንቡን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ፣ ምርጫ በተተወለት ቦታ ላይ ብቻ መሆን አለበት። እኔ ይህን ቅደም ተከተል አላወቅሁም ነበር።

ባዮሎጂን በሜይ ተፈትኜ 690 አገኘሁ። ከዚያ በጁን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ ደረጃ ሁለትን፣ ኬሚስትሪንና የአሜሪካ ታሪክን በተከታታይ ተቀመጥኩ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ስለ መልሶ ግንባታው ዘመንና ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ስለመጡት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች የማውቀው በአንድ መንፈቅ ውስጥ የተማርኩትን ያህል ነው፤ አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች ግን ታሪኩን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ያደጉ ናቸው። ለምን ታሪክን እንደመረጥኩ ዛሬም በቅጡ ልገልጸው አልችልም፤ ምናልባት የአገሩን ታሪክ ማወቄን ማሳየት እንዳለብኝ ተሰምቶኝ ይሆናል።

ሲመዘገቡ ውጤትን እስከ አራት ኮሌጅ ድረስ ያለ ክፍያ ማስላክ ይቻል ነበር። እማዬ ሌሊት ሌሊት እየሠራች ነበር የምታሳድገን፤ ከዚያ በኋላ ለሚላክ ለእያንዳንዱ ሪፖርት ከአሥር ዶላር በላይ እንደሚከፈል ሳነብ አራቱንም ቦታ ወዲያው ሞላሁ። ያላስተዋልኩት ነገር የነጻው ዕድል የሚያበቃው ፈተናው በተሰጠ በዘጠነኛው ቀን፣ ውጤቱ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ዘግይቶ መሆኑን ነው። ነጻ ነው ተብሎ የተሰጠኝ ነገር ውጤቴን ሳላይ እንድልክ የሚያደርግ ነበር። ኮሌጅ ቦርድ ከ2009 ጀምሮ «ስኮር ቾይስ» የሚባል አሠራር ስላለው፣ በአንድ ቀን የተወሰዱ ፈተናዎች ሳይቀሩ የትምህርት ዓይነት ውጤቶችን አንድ በአንድ እየመረጡ መላክ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን መምረጥ የምችልበትን ጊዜ አስቀድሜ አሳልፌዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ሒሳብ 760፣ ኬሚስትሪ 730፣ የአሜሪካ ታሪክ 560 ሆነ። 560ው ከሌሎቹ ጋር አብሮ ወደ አራቱም ኮሌጆች ሄደ። ከአራቱ ሁለቱ ተቀበሉኝ፣ ሁለቱ አልተቀበሉኝም። ያልተቀበሉኝ በዚያ ውጤት ምክንያት ነው የምልበት ምንም ማስረጃ የለኝም፤ አንድ ማመልከቻ የሚወድቅበትን ምክንያት አመልካቹ አያውቀውም። የሚቆጨኝ ግን ከእነዚያ ኮሌጆች መካከል ሁለት ውጤት በቂ ነው የሚሉ መኖራቸውንና እኔ ግን ሳልጠየቅ ደካማውን ጨምሬ ማቅረቤን በኋላ ማወቄ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው የመጣ ነው። በ560ው ስለደነገጥኩ፣ በኋላ ለጨመርኳቸው ኮሌጆች ውጤት ስልክ ሁለቱን ከፍተኛ ቁጥሮች፣ ሒሳብንና ኬሚስትሪን ብቻ መረጥኩ። 690 ለእኔ ከ700 በታች ነውና ሊታይ የማይገባው ቁጥር መስሎ ታየኝ። በዚያው ማመልከቻ ላይ ግን ለወደፊት ሕክምና ማጥናት እንደምፈልግ፣ በባዮሎጂ ክፍሌ የሠራሁት ሥራ እንዴት እንደማረከኝ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌያለሁ። ጽሑፌን ያነበበው ሰው ወደ ውጤቶቼ ዞሮ ባዮሎጂን ሲፈልግ ያጣዋል። 690 የማያሳፍር፣ እንዲያውም ጽሑፌን የሚደግፍ ውጤት ነበር፤ እኔ ግን በቁጥሩ መጠን ብቻ ለክቼ ጣልኩት። ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው ይብሳል ብባል፣ ደካማውን ከመላኬ ይልቅ የሚያስፈልገኝን መደበቄ ይብሳል እላለሁ።

ቁጥሮቹን እርስ በርሳቸው ማነጻጸሬም ልክ አልነበረም። የእነዚያ ፈተናዎች 800 የሚባለው ቁጥር በሁሉም ዘንድ አንድ ትርጉም አልነበረውም። ሒሳብ ደረጃ ሁለትን የሚወስዱት በአብዛኛው በሒሳብ የበረቱ ተማሪዎች ስለነበሩና ጥቂት ጥያቄ ቢስቱም 800 ሊገኝ ይችል ስለነበር፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተፈታኞቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ 800 ያገኙ ነበር። በሥነ ጽሑፍ ግን 800 የሚያገኙት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ እኔ የኮራሁበት የሒሳብ 760 ከተፈታኞች መካከል ያለው ደረጃ፣ ሌላው በሥነ ጽሑፍ አግኝቶት ካፈረበት ቁጥር ደረጃ ዝቅ ሊል ይችል ነበር። የቅበላ ባለሙያዎች ይህን ያውቃሉ፤ አመልካቹ ነው የማያውቀው። የሒሳብን ሁለት ደረጃዎች አብሮ መላክም እንዲሁ ጥቅሙ አነስተኛ ነበር፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ችሎታ ነውና ሁለተኛው ለአንባቢው የሚጨምርለት እምብዛም ነገር የለም።

ወደ እህቴ ልመለስ። እየተነጋገርን ሳለ እማዬ ከጓዳ ወጥታ ምን እንደምንመርጥ ጠየቀችን። እህቴ ስትነግራት ፊቷ ተለወጠ። «የተፈተንሽውን ተፈትነሻል፤ እውነቱን ንገሪያቸው እንጂ ለምን ትደብቂያለሽ?» አለቻት። ይህን አስተያየት በቀላሉ አላለፍኩትም፤ ብዙ ወላጆቻችን የሚያስቡት እንዲህ ነው፣ መሠረቱም መልካም ነው። ውጤት መምረጥ ለእናቴ ከማታለል የማይለይ ሆኖ ነው የታያት። ስለዚህ ኮመን አፕ የሚባለውን የጋራ ማመልከቻ ከፍቼ ስለ ኤፒ የሚጠይቀውን ቦታ አሳየኋትና ወደ አማርኛ መለስኩላት። ቅጹ «ስንት ፈተና ወሰድሽ» አይልም፤ የሚጠይቀው ማሳወቅ የምትፈልጊው ስንት ነው ብሎ ነው። ጠያቂው ራሱ ምርጫውን ለአመልካቹ ትቶ ሳለ መርጦ መመለስ የተጠየቁትን መመለስ ነው። ሁሉንም አቅርቡ በሚል ኮሌጅ ዘንድ ግን ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው፤ እዚያ አንዱን ማስቀረት፣ መረጃዬ የተሟላና እውነተኛ ነው ብሎ ከፈረሙ በኋላ መዋሸት ነው። እማዬ ይህን ልዩነት ስትሰማ ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው መጀመሪያ ማን ምን እንደሚል ጽፋችሁ ለዩ» አለች። ከዚያ በኋላ የሠራነው ልክ እሷ እንዳለችው ነው።

ስምንት ኮሌጆችን በወረቀት ላይ ጽፈን የየአንዳንዳቸውን ደንብ ከየድረ ገጻቸው አነበብን። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል፤ አንድም ደቂቃ አልባከነም። በጣም ያስተማረን የዬል ደንብ ነው። ዬል በፌብሩዋሪ 2024 ባወጣው ውሳኔ አመልካቾች ከኤስኤቲ፣ እሱን ከሚመስለው ከኤሲቲ፣ ከኤፒ ወይም ዓለም አቀፍ ባካሎሬት ከሚባለው ከአይቢ አንዱን መርጠው እንዲያቀርቡ ጠየቀ፤ የፈተና ግዴታውን በኤፒ የሚያሟላ ተማሪ ግን ከማመልከቱ በፊት የወሰዳቸውን የኤፒ ፈተናዎች ውጤት ሁሉ ማስገባት ይኖርበታል። እህቴ በዚህ መንገድ ብትሄድ አምስቱም፣ የዓለም ታሪክ 2 ጭምር፣ ይቀርባሉ ማለት ነው። ኤስኤቲ ተፈትና ደኅና ውጤት ስላላት ግዴታውን በኤስኤቲ ለማሟላት ወሰነች፤ ያን ጊዜ የኤፒ ውጤት ተጨማሪ ማስረጃ እንጂ የግዴታው ማሟያ አይሆንም። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለቅበላ ውሳኔ ኤስኤቲን ጨርሶ ስለማይመለከት፣ እዚያ ለሚያመለክት ልጅ የኤፒ ውጤት ክብደቱ ሌላ ነው። አንድ ዝርዝር ለሁሉም ኮሌጅ ይበቃል የሚል ሰው ይህን ያላነበበ ነው።

ምርጫ በተተወልን ቦታ አምስቱን አንድ በአንድ ተነጋገርንባቸው። በየውጤቱ ላይ እህቴን የጠየቅኳት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይህ ቁጥር ባይኖር ማመልከቻሽን የሚያነበው ሰው ስለ አንቺ ሳያውቅ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? ባዮኬሚስትሪ ማጥናት እንደምትፈልግ ጽፋለችና በባዮሎጂና በካልኩለስ ላይ ክርክር አልነበረንም። ክርክሩ የተነሣው በኬሚስትሪ 4 ላይ ነው። «ሌሎቹ 5 ሆነው ይሄ ብቻ 4 ሲሆን ያስጠላል» አለችኝ። የራሴ 690 ትዝ አለኝ። 4 ትምህርቱን በሚገባ የያዘ ተማሪ ውጤት ነው፤ ልታጠናው የምትፈልገው ትምህርት ደግሞ ግማሽ ስሙ ኬሚስትሪ ነው። ዳርትመዝ ኮሌጅ በ2024 መጀመሪያ የፈተና ግዴታውን ሲመልስ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ውጤት መላክ በፈቃደኝነት በነበረባቸው ዓመታት ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦችና ብዙ ዕድል ከሌላቸው ትምህርት ቤቶች የመጡ ተማሪዎች ቢልኩት ይጠቅማቸው የነበረውን ውጤት ሲያስቀሩ መታየታቸው ነው። ውጤት የሚነበበው ተማሪው ከመጣበት ትምህርት ቤት ጋር ተያይዞ ነው፤ አማካሪዋ ከማመልከቻው ጋር በሚልኩት የትምህርት ቤቱ መግለጫ ላይ ስንት የኤፒ ክፍሎች እንደሚሰጡና ተማሪዎቹ በጠቅላላው ምን እንደሚያገኙ ይጻፋል። በእህቴ ትምህርት ቤት ኤፒ ኬሚስትሪ የወሰዱት አንድ ክፍል የማይሞሉ ልጆች ናቸው። 4ን እንድትልክ አጥብቄ ነገርኳት፤ አሰበችበትና ጻፈችው።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ 3 ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶብናል። በክፍሉ ያገኘችው ኤ ነው፤ መምህሯም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈውላታል፤ ራሷ የጻፈቻቸው ጽሑፎችም በማመልከቻው ውስጥ አሉ። ስለ ጽሕፈት ችሎታዋ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሦስቱ የተሻለ ምስክር አያገኝም፤ 3 የሚጨምርለት ነገር ቢኖር ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ አላሰፈርነውም። ይህ ማለት ግን ውጤቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ3 ጀምሮ ክሬዲት ይሰጣሉ፣ ማለትም የኮሌጅ ኮርስ እንደተወሰደ ይቆጥሩታል፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ፤ ክሬዲት የሚጠየቀው ደግሞ ተማሪው ከተመዘገበ በኋላ ነው። ለቅበላ የማይላክ ውጤት በኋላ የአንድ ኮርስ ክፍያ ሊያድን ይችላል፤ ሁለቱን ጉዳዮች ማምታታት ብዙ ቤተሰቦችን ሲያስጨንቅ አይቻለሁ።

የቀረው በአሥረኛ ክፍል የወሰደችው የዓለም ታሪክ 2 ነበር። እሱን እንደማትልከው ከመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ የፈራሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ጓደኞቿ መክረዋት ጨርሳ ልትሰርዘው አስባ ነበር። የኤፒ ውጤት ይሰረዝልኝ ተብሎ ሲጠየቅ ለዘለቄታው ይጠፋል፣ ተመልሶ አይገኝም፤ ከመሰረዝ ይልቅ ለአንድ የተወሰነ ኮሌጅ እንዳይታይ ማስያዝም ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ውጤት በየኮሌጁ 10 ዶላር ይከፈልበታል። ለእሷ ግን ሁለቱም አያስፈልጓትም። ከዝርዝሯ ያሉት አብዛኞቹ ኮሌጆች በማመልከቻ ጊዜ ተማሪው ራሱ የሚሞላውን ውጤት ይቀበላሉ፤ ይፋዊውን ሪፖርት የሚጠይቁት የተቀበሉት ተማሪ ለመግባት ሲወስን ነው። ይፋዊው የኤፒ ሪፖርት የተወሰዱትን ፈተናዎች ሁሉ በአንድነት ይዞ ስለሚሄድ 2ም በዚያን ጊዜ ይታያል፤ ምርጫን የፈቀደ ኮሌጅ ግን ተማሪው መርጦ በማቅረቡ ቅር የሚሰኝበት ምክንያት የለውም። ክፍሉን መውሰዷ በትራንስክሪፕቷ ላይ ስላለ አንባቢው ውጤቱ የት አለ ብሎ ይጠይቅ ይሆን የሚል ሥጋትም ነበራት። ለፈተናው የሚከፈለው ወደ መቶ ዶላር ስለሚጠጋ ክፍሉን ወስደው ፈተናውን የማይቀመጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ከቁጥሩ አለመኖር አንባቢው የሚደመድመው ነገር አይኖርም።

በማመልከቻው ላይ የሰፈሩት በመጨረሻ ሦስት ውጤቶችና ሁለት ወደፊት የሚወሰዱ ፈተናዎች ናቸው፤ ፊዚክስና ስታቲስቲክስን በሚቀጥለው ሜይ ትፈተናለች። የእነዚህ ውጤት በጁላይ ሲወጣ የቅበላው ውሳኔ ካለፈ ወራት ስለሚሆነው፣ ለቅበላ የሚያገለግሉት እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ የተገኙት ብቻ ናቸው። እስካሁን ለኤፒ ሪፖርት አንድም ዶላር አልከፈልንም። ኮሌጅ ቦርድ ፈተና ለወሰደ ተማሪ በየዓመቱ አንድ ሪፖርት በነጻ ይልካል፤ ተቀባዩን ኮሌጅ ለመሰየም የሚሰጠው ጊዜ የሚያበቃው ጁን 20 ነው። እኔ በ2012 ነጻውን ዕድል የተጠቀምኩበት ውጤቴን ሳላይና የትኛው ኮሌጅ እንደሚቀበለኝ ሳላውቅ ነበር። እህቴ ግን በዚያ ቀን የምትገባበትን ኮሌጅ ታውቀዋለች፤ ያን አንድ ስም ሞልታ አምስቱንም፣ አዲሶቹን ሁለቱንም አብራ ትልካለች።